የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፊልም ገጽ፦ 18 ልጆች፣ ሁለት የዶሮ እግር

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ፊልም ዙሪያ ናቸው፦ ሚስቱ የሞተችበት አባትና ባሏ የሞተባት እናት ልጆቻቸውን ይዘው አንድ ቤት ሲገቡ የሚፈጠር ኮሜዲ። ጠያቂዎቹ ግማሾቹ ተመልካቾች፣ ግማሾቹ ደግሞ የራሳቸውን ፊልም ለመሥራት የተነሱ ናቸው። ስለ አሜሪካ ፊልሞች ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልን።

ጥያቄ፦ አባትየው በባሕር ጠረፍ ጥበቃ ትልቅ ሹም፣ እናትየው የቦርሳ ዲዛይነር የሆኑበት፣ 18 ልጆች አንድ ቤት የሚገቡበት ፊልም አይቼ ወድጄዋለሁ። ጓደኛዬ ግን «እሱ እንደገና የተሠራ ነው፣ ዋናው ሌላ ነው» አለኝ። የቱ ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ያዩት በ2005 ራጃ ጎስኔል ያዘጋጀው፣ ዴኒስ ኩዌድና ሬኔ ሩሶ የተወኑበት «ዩርስ፣ ማይን ኤንድ አወርስ» ነው፤ «ያንተ፣ የኔና የኛ» እንደ ማለት ነው። ዋናው በዚሁ ርዕስ በሚያዝያ 1968 የወጣው ነው። አዘጋጁ ሜልቪል ሻቬልሰን፣ መሪ ተዋንያኑ ሉሲል ቦልና ሄንሪ ፎንዳ ናቸው። በመሃል ሆኖ የሚያገናኛቸውን ጓደኛ የሚጫወተው ቫን ጆንሰን ነው።

የሰዎቹ ስም በሁለቱም ፊልሞች አንድ ነው፦ ፍራንክ ቢርድስሊና ሔለን ኖርዝ። ልዩነቱ ከቁጥሩ ይጀምራል። በ1968ቱ የፍራንክ ልጆች 10፣ የሔለን 8 ናቸው። በ2005ቱ ተገልብጦ የፍራንክ 8፣ የሔለን 10 ሆነዋል፤ ከ10ሩ 6ቱ በጉዲፈቻ ያደጉ ናቸው። ቦታውም ከካሊፎርኒያ ወደ ኮኔቲከት፣ ኒው ለንደን ተዛውሯል።

ትልቁ ልዩነት ግን ፊልሙን የሚነዳው ነገር ነው። በ1968ቱ ችግሩ የሚመጣው ከኑሮው ራሱ ነው፦ ማን የት ይተኛል፣ ማን መቼ ይታጠባል፣ ቁርስ እንዴት ይደርሳል። በ2005ቱ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ለማፋታት ይዶልታሉ፤ የተቀረው ሁሉ ቀለም መረጫጨት፣ መንሸራተትና መውደቅ ነው። ተቺዎችም አልራሩለትም። በእኛ ግምት የመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አልጋ ያጣ ልጅ ማንም ሳያሴር ጠብ ያመጣል፤ ሴራ ግን ጸሐፊው በየአሥር ደቂቃው እንደ አዲስ ካልፈጠረለት አይራመድም።

ጥያቄ፦ ታሪኩ እውነተኛ ነው ይባላል። ምን ያህሉ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ መነሻው እውነት ነው። የሔለን ባል የባሕር ኃይል አብራሪ ነበርና በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የፍራንክ ሚስት ደግሞ በሕመም አረፈች። ፍራንክም የባሕር ኃይል ሰው ነበር። በመስከረም 1961 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጋቡ። ሔለን ኑሯቸውን በመጽሐፍ ጽፋ በ1965 አሳተመችው፤ ርዕሱ «የዶሮውን እግር ማን ይውሰድ?» የሚል ነበር። የሉሲል ቦል ኩባንያ ዴሲሉ ታሪኩን ወስዶ ፊልም አደረገው።

ፊልሙ ከእውነቱ የሚለይባቸው ቦታዎች አሉ። በፊልሙ መጨረሻ የሚወለደው 19ኛው ልጅ ነው፤ እውነተኞቹ ባልና ሚስት ግን ሁለት ጨምረው 20 አድርሰዋል። ዕድሜም አለ። ፊልሙ ሲወጣ ሉሲል ቦል 56፣ ሄንሪ ፎንዳ 62 ዓመታቸው ነበር፤ እውነተኛዋ ሔለን ግን ሁለተኛውን ትዳር ስትጀምር ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። በ56 ዓመቷ የምታምጥ ሙሽራ ማየት ዛሬ ያሥቃል፤ ያኔ የሉሲን ፊት ለማየት ሲኒማ የገባው ሰው ልብም አላለው።

አንድ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት። ከሔለን ልጆች አንዱ ካደገ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ቤታቸው ፊልሙ እንዳሳየው የሣቅ ቤት እንዳልነበረ ተናግሯል። ፊልሙን እንደ ፊልም ይዩት፤ የቤተሰቡ ማስረጃ አድርገው ግን አይያዙት።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ወላጆቹ ሁልጊዜ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው የሚሆኑት ለምንድን ነው? የተፋቱ ቢሆኑ ኮሜዲው አይሠራም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለት ምክንያት አለው፤ አንዱ የዘመን፣ ሌላው የሙያ።

የዘመኑን እናስቀድም። ሆሊዉድ ከ1934 ጀምሮ ፊልሞችን ከመውጣታቸው በፊት በሥነ ምግባር ደንብ ይመዝን ነበር፤ ደንቡ በዕድሜ ደረጃ በመስጠት አሠራር የተተካው በኅዳር 1968 ነው። ፍቺን እንደ ተራ ነገር ማሳየት ለረጅም ጊዜ አጠያያቂ ሆኖ ኖሯል። ቴሌቪዥን ደግሞ ከሲኒማው ይብስ ነበር። ሸርዉድ ሽዋርትዝ የፈጠረው፣ እንዲሁ የሁለት ወላጆች ልጆች አንድ ቤት የሚገቡበት ተከታታይ ኮሜዲ «ዘ ብሬዲ በንች» በኤቢሲ ቴሌቪዥን ከ1969 እስከ 1974 ሲታይ አባትየው ሚስቱ የሞተችበት መሆኑ በግልጽ ተነግሯል። እናትየዋን ግን ሽዋርትዝ የተፋታች ሊያደርጋት ሲፈልግ ጣቢያው ስላልወደደው፣ የመጀመሪያ ባሏ የት እንደደረሰ ሳይነገር ተከታታዩ አለቀ። ሦስት ሴት ልጆች አሏት፤ አባታቸውን አንድም ሰው አይጠይቅም!

የሙያው ምክንያት ዛሬም አልተለወጠም። የተፋታ ሰው በሕይወት አለ፤ በር ሊያንኳኳ፣ ቀለብ ሊከራከር፣ ልጁን ቅዳሜ ሊወስድ ይችላል። ያ ሌላ ፊልም ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተመልካቹ መምረጥ ይጀምራል። ሞት ግን ጥፋተኛ አያስቀርም። ሁለቱም ወላጆች ንጹሐን ስለሆኑ ትግሉ ከኑሮው ጋር ብቻ ይሆናል።

ዋጋው ሐዘኑ ነው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ሟቹን በአንድ ፎቶግራፍ ያልፈዋል፤ ተመልካቹም «ይቺ ሴት አዝናለች ወይስ ረስታለች?» እያለ ሳይሥቅ ይቀመጣል። ሐዘኑን በፊልሙ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ በአንድ አጭር፣ ተግባራዊ ነገር ያሳዩት፦ የሟቹን ጫማ ለማን እንደምትሰጥ የምታስብ እናት፣ የሴት ልጁን ፀጉር መሥራት አቅቶት የሚታገል አባት። ከዚያ በኋላ ይተዉት፤ ሲያስፈልግ በልጆቹ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ታሪኩ እዚህ አገር ከሆነ የቀን ስሌትም አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሴት የቀድሞ ጋብቻዋ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላው እንዳታገባ ይከለክላል፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም ከወለደች ግን ይነሳላታል። ከሕጉ በላይ የሚከብደው ግን ጎረቤቱ ነው። አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ አሉ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሙሽራ የሆነችን ሴት ተመልካቹ ለማፍቀር ይቸገራል። ታሪኩን ቢያንስ ሁለት ዓመት አሳልፈው ይጀምሩት፤ ጥቁሩም ወልቋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች ያሏት ሴትና አራት ልጆች ያሉት ወንድ የሚጋቡበትን ኮሜዲ እየጻፍኩ ነው። ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ ልጆቹ ተምታቱብን ይላሉ። ምን ላድርግ? ልጆች ልቀንስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቀንሱ። ሰባት ልጅ ብዙ አይደለም፤ አቀራረቡ ነው የበዛው። የ1968ቱ ፊልም 18 ልጆች አሉት፤ ተመልካቹ ግን የራሳቸው ታሪክ ያላቸው አድርጎ የሚያስታውሰው ጥቂቶችን ነው። ትልቁ ወንድ ልጅ ማይክ፣ የጓደኛዋ ግፊት የሚያስጨንቃት ትልቋ ሴት ልጅ ኮሊን፣ በትምህርት ቤት ስሙን የሚከራከረው ትንሹ ፊሊፕ ይታወሳሉ። ሌሎቹ መንጋ ናቸው፤ መንጋነታቸው ራሱ ቀልድ ነው። ከሰባቱ ሦስቱን ባለታሪክ ያድርጓቸው፤ አራቱ የሚታወቁበት አንድ አንድ ነገር ይበቃቸዋል።

መጀመሪያ ስሞቹን ይመልከቱ። በላኩልን ገጽ ላይ ሰላም፣ ሰናይት፣ ሰለሞንና ሳሙኤል አሉ፤ አራቱም በ«ሰ» ቤት ይጀምራሉ። አንባቢ የስክሪፕት ስም የሚለየው በመጀመሪያው ፊደል ነውና እያንዳንዱን ከተለየ ቤት ያስጀምሩ፦ አቤል፣ ብሩክ፣ ትዕግሥት፣ ናርዶስ፣ ሚኪያስ፣ ፌቨን፣ ዮናስ። የቃሉም ርዝመት ይለያይ። የቤት ስም (ማሚቱ፣ ኩኩ፣ ቡቺ) ለትንንሾቹ ብቻ ቢሰጥ ዕድሜያቸው ሳይነገር ይታወቃል።

ቀጥሎ ዕድሜ። ካሜራ ፊት የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ አይለዩም፤ ቁመት ነው የሚለየው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በልጆቹ መካከል ቢያንስ ሁለት ዓመት ተኩል ይኑር። ከዚያ ሆን ብለው አንድ ግጭት ይፍጠሩ፦ ከእሷ አንዱ፣ ከእሱም አንዱ እኩያ ይሁኑ። ሁለት የ12 ዓመት ወንዶች አንድ አልጋ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ «የቤቱ ትልቅ ወንድ» ማዕረግ። እዚህ ጋ ጠቡ ራሱን ይጽፋል።

ሦስተኛው የማስተዋወቂያው ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙዎቹ የሚሰናከሉበትም ይኸው ነው። ሰባቱን በአንድ የቁርስ ትዕይንት አያስተዋውቁ። የእሷን ሦስት በቤታቸው፣ ሥራ ላይ እያሉ ያሳዩ፤ ከዚያ የእሱን አራት በቤታቸው። ተመልካቹ የሁለቱን ቤት ሥርዓት ለየብቻ መማር አለበት፤ እዚያ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ እዚህ ቤት ሶፋ ላይ ይዘለላል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚጋጩት ሰባት ሰዎች ሳይሆኑ ሁለት ሥርዓቶች ናቸው። የ1968ቱ ፊልም ይህንን በአባትየው ወታደራዊ አመል ሠርቶታል፦ ቤቱን እንደ መርከብ በቁጥር፣ በቀለምና በፊደል ያከፋፍለዋል፤ ልጅ ሁሉ ኮድ አለው። አንድ ጊዜ ኮዱ ከተነገረ ተመልካቹም ቤቱን ያውቀዋል፤ ቀልዱም የሚወለደው ኮዱ ሲሰበር ነው።

ለሥራዎ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ምን ይፈልጋል፣ ከሌላው ቤተሰብ ማንን ይጠላል፣ ከሌላው ቤተሰብ ማን ይረዳዋል፣ በአዲሱ ቤት ምን ያጣል። «ምን ያጣል» የሚለው ባዶ የሆነበት ልጅ ካለ ያ ልጅ ለታሪኩ አያስፈልግም፤ ያኔ ይቀንሱት።

ኮሜዲውን ስለሚሸከመው የክፍፍል ጉዳይ አንድ ስጦታ ከአገር ቤት አለዎት፤ ፈረንጆቹ የላቸውም። ዶሮ 12 ብልት ነው። ሰባት ልጅ፣ ሁለት ወላጅ፣ አንዲት አያትና አንዲት የቤት ሠራተኛ ቢኖሩ 11 ሰው ይሆናል። እግር ሁለት ብቻ ነው፤ ሰባት ልጅ አለ። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ግን በዚያ ቤት ከአባቱ ሞት ወዲህ ፈረሰኛው ለትልቁ ወንድ ልጅ ሲወጣለት ከነበረ በመጀመሪያው የበዓል ምሳ እናትየዋ ጭልፋውን ይዛ የት ትዙር? አንድም ክፉ ቃል ሳይነገር ሁሉም ይገባዋል። 12ኛው ብልት ደግሞ ድንገት ለመጣ እንግዳ፣ ምናልባትም ለሟቹ ወንድም፣ ይቀመጥ።

የአጠራሩንም ጉዳይ አይርሱት። የእንጀራ አባቱን «እርስዎ» እያለ በአክብሮት የሚያርቅ ልጅ፣ አንድ ቀን ሳያስበው «አንተ» ሲለው ትልቁ ማሳያ ይሆናል። ያንን ትዕይንት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሌላ ገጸ ባሕርይም አያብራራው።

ጥያቄ፦ በድሮው ፊልም ልጆቹ ለእናትየዋ መጠጥ ውስጥ አልኮል የሚጨምሩበትን ትዕይንት ወደ አማርኛ ማምጣት እንፈልጋለን። ጽፈነው አላሣቀም። (ሁለት የቲያትር ተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትዕይንቱን ላላዩት፦ ሔለን ከፍራንክ ልጆች ጋር ለመተዋወቅ እራት መጥታለች። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች መጠጧን ጂን፣ ስኮችና ቮድካ አብዝተው ያዘጋጁላታል። እሷ ሳታውቅ ትሰክራለች፤ ትሥቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ፍራንክ ልጆቹ ሣቃቸውን ሲያፍኑ ያያል፣ ጉዳዩን እንደ ወታደር ችሎት ይመረምራል፣ ይቅርታ ያስጠይቃቸዋል። ከዚያም እዚያው ሊያገባት መወሰኑን ይነግራቸዋል።

ትዕይንቱ የቆመባቸው እግሮች ሦስት ናቸው። ተመልካቹ ከእሷ በፊት ያውቃል፤ እሷ ለመወደድ ስትል ትጠጣለች፤ ቅጣቱ ወደ ሠርግ ይዞራል። በእናንተ ጽሑፍ የመጀመሪያው እግር የለም፤ ምን እንደተጨመረ የተነገረን እሷ ከጠጣች በኋላ ነው። ያኔ ድንጋጤ ይኖራል እንጂ ሣቅ አይኖርም። የመጨመሩን ሥራ ከፊት አምጡት፣ ብርጭቆው ከማድ ቤት እስከ ሳሎን ሲሄድ ካሜራው ይከተለው፣ አንድ ሰው በስሕተት ሊወስደው ይሞክር።

ሁለተኛው ችግር የመረጣችሁት ነገር ነው። አረቄ ሽታው ከሩቅ ይናገራል፤ ሴትየዋ ሳታውቅ ጠጣች ብሎ ማንም አያምንም። ቡና ላይ ጨው መጨመሩም አልሠራም ብላችኋል፤ አይሠራም። ቡናን በጨው የሚጠጣ አገር ሰው ሲኒማ ውስጥ ተቀምጦ «ምን አጠፉ?» ይላል። ጠጅ ይሻላል፦ ብርዝ ነው ተብሎ በብርሌ የቀረበ ጠንካራ ጠጅ። ቀለሙ ያሳስታል፣ ጣፋጭነቱ ይሸፍነዋል፣ «ብርዝ ነው፣ ለልጆች የሚሰጥ» የሚለው ውሸት በልጆቹ አፍ ያምራል። ሁለት ብርሌ በቂ ነው፤ ሦስተኛውን ራሷ ትጠይቅ። ስካሩ ግን በአንድ ጊዜ አይምጣ። መጀመሪያ ፈገግታ፣ ከዚያ ከተገቢው በላይ ድምፅ፣ ከዚያ ሟቹ ባሏን ማንሳት። ልጆቹ ሣቃቸውን የሚያቆሙት እዚህ ነው፤ ሞት በሁለቱም ቤት እንዳለ ትዝ ይላቸዋልና። ይህ ሳይኖር ትዕይንቱ በሴት ላይ የተሠራ ክፋት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ሰው መሶብ ዙሪያ የሚበላበትን ትዕይንት ቀርጸን ኤዲቲንግ ላይ ሊገጥም አልቻለም። አንዱ ሾት ላይ ወጡ ሙሉ፣ ሌላው ላይ አልቋል፤ ልጆቹም ደክመዋል። እንዴት ይቀረጻል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የጋራ ማዕድ ከፈረንጅ ጠረጴዛ ይከብዳል። እዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ስላለው አንዱ ሲበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። እዚህ ትሪው የሁሉም ነው፤ የአንዱ ጉርሻ የሁሉንም ሾት ያበላሻል።

ትሪዎቹን አስቀድማችሁ አባዙ። አምስት ቴክ (የአንዱን ትዕይንት ድግግሞሽ ቀረጻ) ካሰባችሁ ሰባት ትሪ አዘጋጁ፤ ሁሉም ተመሳሳይ፣ ወጡም በተመሳሳይ ቦታ ይውጣ። መጀመሪያ አንድ ትሪ ከላይ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ የተቀሩት በዚያ ፎቶ ይሠሩ። ወጡ ጠንከር ይበል፤ መረቁ ቀጭን ከሆነ እንጀራውን ያርሰውና በመብራቱ ሙቀት ቀለሙ ይለወጣል። ያልተነሳው ትሪ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ እንጀራ ክፍት ሆኖ መብራት ሥር ከቆየ ጠርዙ ይደርቅና ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ካሜራም ያየዋል። አንድ ሰው ሥራው ይህ ብቻ ይሁን፦ በየቴኩ መጨረሻ ትሪውን ፎቶ ማንሣትና ማን በየትኛው ቃል ላይ እንደጎረሰ መጻፍ። ጉርሻ ከቃል ጋር ይታሰር። «ትዕግሥት ‹አልፈልግም› ስትል ትጎርሳለች» ከተባለ በሁሉም ቴክ እዚያው ትጉረስ። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ ስድስት ጊዜ ሙሉ አፍ የጎረሰ የሰባት ዓመት ልጅ ሰባተኛው ላይ ያስመልሳል።

የቀረጻውን ቀን ከጾሙ ጋር አመሳክሩት። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ከሆነ የዶሮ ወጡ በእውነተኛ ዶሮ አይሁን። የሽሮ ወይም የምስር ወጥ በበርበሬ አቅልታችሁ፣ ብልቱን ትሪው መሃል ለዓይን ብቻ አስቀምጡት። ይህን ለወላጆች አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ ልጆቹ ማለዳ ላይ «አንበላም» ይላሉ፤ ልክም ናቸው።

አቀማመጡ ክብ አይሁን። በክብ ከተቀመጡ ግማሾቹ ጀርባቸውን ለካሜራ ይሰጣሉ። አንዱን ጎን ክፍት ትታችሁ እንደ ፈረስ ኮቴ አስቀምጧቸው፣ ካሜራው ከተቀመጠ ልጅ ዓይን እኩል ይውረድ። ወላጆቹ ፊት ለፊት ሳይሆን በሁለቱ ጫፍ ይቀመጡ፤ የእሷ ልጆች በእሷ በኩል፣ የእሱም በእሱ በኩል። በፊልሙ መጨረሻ ተመሳሳዩን ትዕይንት ደግማችሁ ልጆቹን ብታቀላቅሏቸው ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ያየዋል። በሁለቱ ወላጆች መካከል በሐሳብ የምትሰመረውን መስመር ካሜራው አይሻገር፤ ከተሻገረ የሁሉም እይታ ይገለበጣል። እናንተ ዘንድ ያልገጠመው ግማሹ ምግቡ ሳይሆን ይህ ነው።

የልጆች ሰዓት የመጨረሻው ነገር ሳይሆን የመጀመሪያው ነው። አጠቃላዩን ሾት ሁለት ጊዜ ብቻ ቅረጹ፣ ቀጥሎ ወዲያው የትንሹን ልጅ ክሎዝ አፕ፣ ከዚያ በዕድሜ ወደ ላይ። የአዋቂዎቹ ክሎዝ አፕ መጨረሻ ይምጣ፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላም ይቀረጻል። በክሎዝ አፕ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሌሎቹ ድምፅ ከተደረበ ኤዲተሩ መቁረጥ አይችልም። ጫጫታውን ለብቻው ቀድታችሁ በኋላ ደርቡት።

ለመለኪያ ያህል በካሊፎርኒያ ደንብ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ቀረጻ ቦታ የሚቆየው 6 ሰዓት፣ የሚሠራው 3 ሰዓት ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ያለው 8 ሰዓት ቆይቶ 4፣ ከ9 እስከ 15 ያለው 9 ሰዓት ቆይቶ 5 ሰዓት ይሠራል፤ የተቀረው ትምህርትና ዕረፍት ነው። ከ15 ቀን እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለአንድ ጨቅላ መንታ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቀረጻ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ፣ የወላጅን ፈቃድም በጽሑፍ ያዙ።

ጥያቄ፦ የድሮውን ፊልም ከ8 ዓመት ልጄ ጋር ማየት ይቻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የ2005ቱ የወላጅ ክትትል የሚል ደረጃ ያለው፣ 88 ደቂቃ የሆነ፣ ለ8 ዓመት ልጅ የሚመች ነው። የ1968ቱ 111 ደቂቃ ነው፤ የስካሩ ትዕይንት፣ የኮሊን ጓደኛ የሚያደርግባት ግፊትና ትልቁ ልጅ ወደ ማሪን (የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር) የሚሄድበት ክፍል አለው። ከ11 ዓመት ጀምሮ ብንል እንመርጣለን። የዚያው ዓመት ሌላ ፊልም ከፈለጉ የዶሪስ ዴይ የመጨረሻ ፊልም የሆነው «ዊዝ ሲክስ ዩ ጌት ኤግሮል» አለ፦ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሏት እናት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያለው ብሪያን ኪዝ። ልጆቹ አራት ብቻ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው በደንብ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ በድሮው ፊልም ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት የእንጀራ አባቱን ስም ልጠቀም ብሎ ይጣላል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በጉዲፈቻ አንድ ስም ይይዛሉ። እኛ አገር ይህ እንዴት ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ እንዳለ አይመጣም፤ መጥቶ የተሰናከለባቸውን ስክሪፕቶች አንብበናል። እዚያ ስሙ የቤተሰቡ ነው፤ ኖርዝ የነበረው ቢርድስሊ ሲሆን ቤቱ አንድ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው፤ እናትየው እንኳ ብታገባ የራሷን አባት ስም ትይዛለች። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩት ልጆች እስከ መጨረሻው በሁለት አባት ስም ይጠራሉ፤ ማንንም አያስደንቅም።

ጉዲፈቻ ራሱ ግን አለ። በቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁ ከ18 በታች መሆን አለበት፤ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም፤ ልጁም ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ለስክሪፕቱ ይጠቀሙበት፦ የሟቹ እናት፣ የልጆቹ አያት፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ልጄን ሁለተኛ ልትቀብሩት ነው?» ብትል መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ።

የትምህርት ቤቱን ትዕይንት በስም ጥሪው ላይ ያድርጉት። ከሁለቱ ቤት የመጡ ሁለት እኩያ ልጆች አንድ ክፍል ተመድበዋል። መምህሩ የአንዱን ስም ከነአባቱ ሲጠራ ልጁ ዝም ይላል፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ መስማት አይወድም። መምህሩ ደግሞ ይጠራል። ከኋላ ወንበር የእንጀራ ወንድሙ እጁን አውጥቶ «አቤት!» ይላል። መምህሩ «አንተ አይደለህም» ሲለው «አውቃለሁ፣ አንድ ቤት ነው የምንኖረው» ይበል፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ይባረሩ።